አሥር ቋጠሮ

ልጄ፣ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ደረጃው ላይ ጎንበስ ብለህ ጫማህን እያሰርክ፣ «ጋሼ፣ ዋናውን የዓሣ ማጥመጃ ክር ከሊደሩ ጋር ለማያያዝ ከሁሉም የሚጠነክረው ቋጠሮ የትኛው ነው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እናትህ ከመኪናው ውስጥ ሆና ምሳው ቀዘቀዘ ስትል ሰማሁና «እነግርሃለሁ» ብዬ ሸኘሁህ። እውነቱን ልንገርህ? ዝም ያሰኘኝ የምሳው ነገር አልነበረም። መኪናው ጋ ሳትደርስ የጫማህ ክር ተፈትቶ ሲጎተት አይቼ ነው።

መልሱን አስቀድሜ ልስጥህ፤ ምክንያቱን በኋላ ታነበዋለህ። ሚዛን ላይ ሲፈተን ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ከጃፓን የመጣው ኤፍጂ የሚባለው ቋጠሮ ነው። አንተ ግን ይህን ዓመት በሙሉ የምታስረው ደብል ዩኒን ነው። ኤፍጂን በረዶ ሲጥልና ከቤት መውጣት ሲያስጠላ አብረን እንማረዋለን።

እኔ ዓሣ ማጥመድ የጀመርኩት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዳር ነው። ዘንግ አልነበረንም። ናይለኑን ቁራጭ እንጨት ላይ እንጠመጥመዋለን፤ ጫፉ ላይ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ደግሞ ከጋራዥ የለቀምነው ዳዶ ለክብደት ይታሰራል፤ ትል ሰክተን እንወረውራለን። የሚመጣው ቆሮሶ ነው፤ የቀናው ደግሞ አምባዛ ያወጣል። በዋናው ክር ጫፍ የሚቀጠል ሊደር የሚባል አጭር ክር አናውቅም፤ ከእጃችን እስከ መንጠቆው አንድ ክር ነው። ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ ጎን ለጎን እናደርግና አንድ ላይ አዙረን እንቋጥረዋለን፤ አለቀ። እንዲህ ያለው ተራ ቋጠሮ የክሩን ጉልበት በግማሽ ያህል እንደሚቀንሰው ያኔ ማን ይነግረናል? ቢነግረንስ ምን ሊጠቅመን? ክሩ በግ የሚያስር ነው፤ ቆሮሶው ደግሞ ግማሽ ኪሎ ከሞላ ትልቅ ነው። የቋጠሮዬን መጥፎነት የሚያጋልጥ ዓሣ ሳይገጥመኝ አደግሁ።

ያንኑ እጅ ይዤ ነው አሜሪካ የገባሁት።

አንድ የጥቅምት ምሽት አሌክሳንድሪያ፣ በዉድሮው ዊልሰን ድልድይ አጠገብ፣ ጆንስ ፖይንት ላይ ቆሜያለሁ። ዘንጉ አዲስ፣ ሪሉ አዲስ፣ በሪሉ ላይ የተጠቀለለው ደግሞ ሻጩ አሞጋግሶ የሸጠልኝ ብሬድ የሚሉት ቀጭን ክር። ጫፉ ላይ አንድ ሜትር ያህል ፍሎሮካርቦን ሊደር ቀጥያለሁ። በምን? በአሞራ ገደል ቋጠሮ። ለጥንቃቄም ብዬ ሁለቴ ቋጥሬዋለሁ። ጨለምለም ሲል አንድ ነገር ያዘ። ዘንጉ ጎበጠ፤ ሪሉ ጮኸ፤ ዓሣው አቅጣጫውን ወደ ድልድዩ ምሰሶ አደረገ። ስትራይፕድ ባስ ይሁን፣ ወንዙን የሞላው ሰማያዊ ካትፊሽ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ዘንጉ ቀጥ አለ። ስታወራ ቆይተህ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ስልኩን ሲዘጋብህ ያለውን ዝምታ ታውቀዋለህ? እሱ ነው።

ባዶውን ክር እየጠቀለልኩ ሳለ አጠገቤ ያጠምዱ የነበሩ አንድ ሸምገል ያሉ ጥቁር አሜሪካዊ መጡና የክሩን ጫፍ ያዙት። ግንባራቸው ላይ ያሰሩትን ባትሪ አብርተው አገላብጠው አዩት። «ይሄ አልተበጠሰም» አሉኝ። «ሾልኮ ነው የወጣው። በመቀስ የቆረጥክበት እንዳለ ነው።» እውነትም የብሬዱ ጫፍ ቤቴ ቁጭ ብዬ በሚስቴ መቀስ እንደቆረጥኩት ነበር፤ አንዲት ቃጫ አልተነቀለችም። ሰውየው ብዙ አልተናገሩም፤ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እኔ ግን የዚያን ዕለት ያየሁትን ጫፍ እስከ ዛሬ እንደ ፎቶ አስታውሰዋለሁ። ዓሣውን የሸኘሁት እኔው ነኝ።

ለምን እንደሾለከ ለመረዳት ክሮቹን ማወቅ አለብህ። ክሊፎርድ አሽሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1944 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ከ3,800 በላይ ቋጠሮና የቋጠሮ ሥራ ሰብስቧል። ስለ ዛሬው ብሬድና ስለ ፍሎሮካርቦን ግን አንድ ቃል የለበትም፤ ሁለቱም ገና አልተወለዱም ነበር። ናይለንን ዱፖንት ለዓለም ያስተዋወቀው በ1938 ነው። የፍሎሮካርቦን ማጥመጃ ክር ከጃፓኑ ኩሬሃ ኩባንያ የወጣው በ1971 ነው። የዛሬው ብሬድ ደግሞ ገበያውን የያዘው በ1990ዎቹ ነው። እያንዳንዱ ሲመጣ የድሮውን ቋጠሮ እያስጣለ መጣ። ብዙ ሽማግሌ አጥማጅ «ብሬድ አልወድም» የሚልህ ብሬዱን ጠልቶ እንዳይመስልህ፤ ሠላሳ ዓመት የሠራበት ቋጠሮ ከድቶት ነው።

ብሬድ የተጎነጎነው ከፖሊኤቲሊን ነው። ዘሩ ከፌስታል ዘር ነው ብልህ አልዋሸሁህም፤ ልዩነቱ ሞለኪውሎቹ እጅግ መርዘማቸውና በአንድ አቅጣጫ መደርደራቸው ነው፣ ጥንካሬውን የሚሰጠው ይኼ ነው። ለውፍረቱ በጣም ጠንካራ ነው፤ 15 ፓውንድ የሚችለው ብሬድ ውፍረቱ እንደ 4 ፓውንድ ናይለን ነው። አይለጠጥም፤ ስለዚህ ዓሣው ትሉን ሲነካካ እጅህ ላይ ይሰማሃል። ግን እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ ለስላሳም ስለሆነ ራሱን አይነክስም፣ ተራ ቋጠሮ ውስጥ አይቆይም። ዓሣም በቀላሉ ያየዋል፤ ድንጋይና ዛጎል የተለጠፈበት ምሰሶ ሲነካ ቶሎ ይነጫል። ሊደር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፍሎሮካርቦን ድርቅ ያለ ነው፤ ይሰምጣል፤ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ከናይለን ይልቅ ለውኃ ስለሚቀርብ ውኃ ውስጥ ጎልቶ አይታይም፤ መፋተግን ይችላል። እንግዲህ አንተ የምትጠየቀው ቀጭንና ለስላሳ የሚያዳልጥ ነገርን ከወፍራምና ደረቅ የሚያዳልጥ ነገር ጋር እንድታጋባ ነው። ሽማግሌ ተልኮ የማይታረቅ ጋብቻ ነው፤ የሚያቆየው ዙር ብቻ ነው፤ ብሬዱ ደጋግሞ ሲዞር በመፋተግ ይያዛል።

አሁን ወደ ደብል ዩኒ እንምጣ። ዩኒን ያስፋፋው ቪክ ዱናዌይ የሚባል የፍሎሪዳ ጸሐፊ ነው፤ ሐሳቡም አንድ ቋጠሮ ለሁሉም ሥራ ይበቃል የሚል ነው። እኔም ለአንተ የመረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነው። መንጠቆም በእሱ ታስራለህ፣ ክርና ሊደርም በእሱ ታያይዛለህ፤ እጅህ አንድ ነገር ደጋግሞ ይማራል።

ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን አጋድማቸው፤ ጫፎቻቸው ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዩ፤ ሁለት ስንዝር ያህል ይደራረቡ። የሊደሩን ጫፍ መልሰህ ቀለበት ሥራ፤ ከዚያ ጫፉን በቀለበቱ ውስጥ እያሳለፍክ በሁለቱም ክሮች ዙሪያ አምስት ጊዜ ጠምጥም። ጫፉን ሳብ አድርገህ ግማሽ ያህል አጥብቀው፤ እንዲሸራተት ተወው። በብሬዱ ጫፍ ተመሳሳዩን ሥራ፣ ግን ስምንት ዙር። ስምንት አልኩህ። ብሬዱን እንደ ሊደሩ አምስት ጊዜ ብቻ የሚያዞር ሰው የእኔን የጥቅምት ምሽት እየደገሰ ነው። አሁን ሁለት ትንንሽ ቋጠሮዎች ክሩ ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል። በምራቅህ አርጥባቸው። ከዚያ ዋናውን ክር በግራ፣ ሊደሩን በቀኝ ይዘህ ቀስ ብለህ ሳብ፤ እንደ ሁለት ባቡር ፉርጎ ተሳስበው ይገጥማሉ። ከገጠሙ በኋላ ጫፎቹን አንድ በአንድ አጥብቅ፤ እንደገና ሳብ። ስትቆርጥ ሊደሩን አንድ ሁለት ሚሊሜትር አስተርፍለት። ብሬዱን በስለታም መቀስ ቁረጠው፤ በጥርስህ አትሞክረው፣ የጥርስ ሐኪም እዚህ አገር ስንት እንደሚያስከፍል እኔ ልነግርህ አልችልም።

ምራቁን እንደ ቀልድ አትለፈው። ብሬድ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ደረቅ ቋጠሮ በኃይል አንዴ ስትስበው ዙሮቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚወጣው ሙቀት በዓይን የማይታይ ጉዳት ያደርሳል። ፍሎሮካርቦን ላይማ ምልክቱ ይታያል፤ ከቋጠሮው አጠገብ ያለው ክር ነጣ ይላል፣ በጥፍርህ ስትዳብሰው ይኮሰኩስሃል፣ አንዳንዴም እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይጨማደዳል። እንዲህ ካየህ ሳታቅማማ ቁረጥና እንደገና እሠር። «ይበቃል፣ ለዛሬ ያዘልቀኛል» የሚለው ቃል ከአፍህ ሲወጣ ከሰማህ መቀሱን አንሳ።

ኤፍጂን ያስተማረችኝ ልጄ ናት፣ ያቺ ሹሩባ የምትሠራው። ሦስት ምሽት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ብሬዱ እየላላብኝ ስሳደብ ሰማችኝ። መጥታ ቆማ አየችና፣ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ጉንጉን ነው፤ አንተ እየቋጠርከው ነው» አለችኝ። ወንበር ስባ ብሬዱን አስወጠረችኝ። ሊደሩን ይዛ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያለች በተወጠረው ብሬድ ላይ ሃያ ጊዜ ያህል አቀያየረችው፤ ብሬዱም በሊደሩ ላይ እንደ ሹሩባ ተጋደመ። ከዚያ በብሬዱ ትርፍ ጫፍ ሁለቱንም ክሮች አንድ ላይ ቆለፈችና «ሳብ» አለችኝ። ስስበው የተጎነጎነው ክፍል ቀለሙ ጠቆረ። ኤፍጂ በትክክል መያዙን የሚነግርህ ያ የቀለም ለውጥ ነው፤ ካልጠቆረ አልነከሰም ማለት ነው። የሊደሩን ትርፍ ከሥሩ ቆረጠችው፤ በብሬዱ ላይ ጥቂት ቁልፎች ጨመረችና አበቃች። ከዚህ በፊት ዘንግ ይዛ አታውቅም።

የዚህ ቋጠሮ ብልሃቱ ሊደሩ አለመታጠፉ ነው። ቋጠሮ ክርን የሚያደክመው አጥብቆ ስለሚያጥፈው ነው፤ ኤፍጂ ውስጥ ግን ሊደሩ ቀጥ ብሎ ይተኛል፣ ብሬዱ ብቻ ዙሪያውን ይነክሰዋል። ዓሣው በሳበው መጠን ንክሻው ይጠብቃል። ውፍረቱም ትንሽ ስለሆነ በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ ሳይነካ ያልፋል። ታዲያ ለምን አሁን አላስተማርኩህም? ምክንያቱም ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ውጥረቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ወጥ ቤት ውስጥ ይቻላል። ሚያዝያ ላይ ፍሌቸርስ ኮቭ ጀልባ ተከራይተን ሻድ ልናጠምድ ስንወጣ፣ ነፋሱ ብሬዱን እያርገበገበው፣ ጣትህ በርዶ፣ ጀልባው እየተወዛወዘ ስትሆን ግን በአሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ ይላላብሃል፤ ሳታውቀው ትቆልፈዋለህ፤ ሲታይ ያምራል፤ ከዓሣው ጋር ይሄዳል። መጥፎ ደብል ዩኒ ገና ስታጠብቀው ይናገራል። መጥፎ ኤፍጂ ዓሣው እስኪመጣ ድረስ ዝም ይላል። ለእኔ ትልቁ ልዩነታቸው ይህ ነው።

ስለዚህ «የቱ ይጠነክራል?» ብለህ ከመጠየቅህ በፊት «ቋጠሮው በቀለበቶቹ ውስጥ ያልፋል ወይስ አያልፍም?» ብለህ ጠይቅ። ሊደርህ አንድ ሜትር ከሆነ፣ ስትወረውር ቋጠሮው ከዘንጉ ጫፍ ውጪ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ያኔ ደብል ዩኒ ትንሽ ቢወፍር ማንንም አይጎዳም። ውኃው ጠርቶ ወይም ድንጋይ በዝቶ ሦስት ሜትር ሊደር ካስፈለገህ ግን ቋጠሮው ሪሉ ውስጥ ገብቶ በእያንዳንዱ ውርወራ ቀለበቶቹን እየገጨ ይወጣል። ጠቅ ጠቅ ሲል ትሰማዋለህ። ያ ድምፅ ወይ ርቀትህን ይቀንሳል፣ ወይ ቋጠሮውን ቀስ በቀስ ይበላል። ኤፍጂ ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ጂሚ አልብራይት በፍሎሪዳ ኪስ ደሴቶች አጥማጆችን በጀልባ የሚመራ ሰው ነበር፤ በስሙ የሚጠራው ቋጠሮ ወፍራም ሊደርን አጥፈህ ቀጭኑን ክር በእጥፋቱ ላይ የምትጠመጥምበት ነው። አልበርቶ የሚባለው የእሱ ልጅ ነው በለው፤ ብሬዱ ሰባት ጊዜ ወደ ታች፣ ሰባት ጊዜ ወደ ላይ ይዞርና በገባበት በኩል ይወጣል። በገባበት በኩል! በሌላው ወገን ካወጣኸው ይሾልካል። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ አልበርቶን ብትለምድ ደስ ይለኛል፤ ከደብል ዩኒ ይቀጥናል፣ ከኤፍጂ ይቀላል። ሰርጀንስ የሚሉት ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ ይዘህ በአንድ ቀለበት ሦስቴ የምታሳልፈው ነው፤ ደግ ቋጠሮ ነው፣ በጨለማም ይታሰራል፣ ግን ሊደሩን ሙሉ በሙሉ በቀለበቱ ማሳለፍ ስላለብህ ለአጭር ሊደር ብቻ ይሆናል። ብለድ ኖት ውብ ነው፤ ውፍረታቸው የተቀራረበ ሁለት ናይለኖችን ለማያያዝ ነው የተሠራው፤ ብሬድ ላይ አትሞክረው። ቋጠሮው ላይ ሙጫ የሚያፈስሱም አሉ። ሙጫ ጥሩ ቋጠሮን ያለሰልሰዋል፣ መጥፎውን አያድነውም። እኔ ትቼዋለሁ።

አሁን የጥንካሬውን ነገር በቁጥር ላሳይህ። ሊደርህ 20 ፓውንድ ይላል፤ ዘጠኝ ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። የሪልህን ፍሬን፣ ድራግ የሚሉትን፣ ከዚያ ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው ላይ ታስተካክለዋለህ፤ ሁለት ኪሎ ተኩል በለው። ዓሣው ከዚያ በላይ ሲጎትት ፍሬኑ ይለቅለታል፣ ክሩም ይወጣል። ታዲያ ቋጠሮህ ከክሩ ጉልበት መቶ እጅ ቢይዝ ወይም ሰማንያ እጅ ቢይዝ ለዚያ ዓሣ ምን ልዩነት አለው? ሰማንያ እጅ ማለት እኮ ከሰባት ኪሎ በላይ ነው። ዘጠኙን ኪሎ የምታየው መንጠቆህ ድንጋይ ሲይዝ ብቻ ነው። ሰዎች «የእኔ ይበልጣል፣ የእኔ ይበልጣል» ብለው የሚከራከሩበት አሥርና አሥራ አምስት እጅ ወንዝ ዳር ትርጉም የለውም። በደንብ የታሰረና በችኮላ የታሰረ ቋጠሮ ልዩነት ግን ዓሣ ይዞ መግባትና ባዶ እጅ መግባት ነው። እንግዲህ ምርጫህ እጅህ የሚችለውን ይከተል።

አትመነኝ፣ ራስህ ፈትን። እናትህ ወደ አገር ቤት ስትሄድ ሻንጣው 23 ኪሎ አለፈ አላለፈም እያለች የምታንጠለጥላትን ሚዛን ታውቃታለህ? እሷን ተበደር። አንድ ሜትር ያህል ሊደር ውሰድና በሁለቱም ጫፍ ብሬድ ቀጥልበት፤ በአንዱ ጫፍ ደብል ዩኒ፣ በሌላው ኤፍጂ ወይም አልበርቶ። የአንዱን ብሬድ ጫፍ ሚዛኑ ላይ፣ የሌላውን ወፍራም እንጨት ላይ ጠምጥመህ ጓንትና መነጽር አድርገህ ቀስ እያልክ ሳብ። አንዱ ይሸነፋል። የተሸነፈውን ጫፍ ሳትጥል አየው። ይህን አምስት ጊዜ አድርግ፣ አንድ ጊዜ ማንም ይታደላል። ብሬዱን በባዶ እጅህ ጠምጥመህ እንዳትስብ፤ ጣትን እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ምልክቱ የግራ አመልካች ጣቴ ላይ አለ፣ ቅዳሜ ስንገናኝ አሳይሃለሁ።

ጫፍ ማንበብን ከሁሉ በላይ እንድትማር እፈልጋለሁ፤ ያን ምሽት ጆንስ ፖይንት ላይ ሸምገል ያሉት ሰው ያስተማሩኝ ይህን ነው። ዓሣ ባመለጠህ ቁጥር ከመናደድህ በፊት የተመለሰልህን ክር በብርሃን እይ። ብሬዱ እንደቆረጥከው ንጹሕ ሆኖ ሊደሩ ከሌለ፣ ሾልኳል፤ ዙር ጨምር። ብሬዱ እንደ ጥጥ ተነጭቶ ከመጣ ድንጋይ ወይም ምሰሶ በልቶታል፤ ሊደርህን አስረዝም። ሊደሩ ተመልሶ ጫፉ እንደ ሐረግ ተጠማዝዞ ከሆነ መንጠቆው ላይ ያለው ቋጠሮ ተፈትቷል፤ ጥፋቱ ከማያያዣው አይደለም። ሊደሩ ሻክሮ፣ በጥፍር ሲነካ እየኮሰኮሰ ከተቆረጠ ተፋትጎ ነው። እንደ ምላጭ ንጹሕ ሆኖ ከተቆረጠ ጥርስ ያለው ዓሣ ነበር፤ እሱን ክፉ አትበለው። እያንዳንዱን ዓሣ ካወጣህም በኋላ የሊደሩን የመጨረሻ ክንድ በሁለት ጣትህ መሐል አሳልፈው። ስትራይፕድ ባስ ጥርሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ አንድ ዓሣ ሊደሩን ሸካራ አድርጎት ሊሄድ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይሄንን እንደ ትእዛዝ ያዘው። ሊደርህ ሁልጊዜ ከብሬድህ የደከመ ይሁን። 30 ፓውንድ ብሬድ ካለህ 20 ፓውንድ ሊደር እሠር። መንጠቆህ ድንጋይ ይዞ መበጠስ ሲኖርበት ከታች ይበጠሳል፤ ወንዙ ውስጥ የሚቀረው አንድ ክንድ ሊደር ይሆናል። ሊደሩ ከበረታ ግን የሚበጠሰው ብሬዱ ነው፤ ምናልባትም ከሪሉ አጠገብ፤ ሃምሳ ሜትር የማይበሰብስ ክር ውኃ ውስጥ ይቀራል። በፖቶማክና በቼሳፒክ ላይ ኦስፕሬ የሚሏቸው ዓሣ አዳኝ ወፎች ጎጇቸውን መርከብ በሚመራው ምልክት ላይ ይሠራሉ። እዚያ ጎጆ ውስጥ ከእንጨቱ ጋር የተጣለ ክር እያነሱ ያስገባሉ፤ ጫጩቶቹ እግራቸው ይታሰራል። አንዱን አይቻለሁ። የቆረጥከውን ትርፍ ሁሉ ኪስህ ክተት፤ እኔ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዤ እሄዳለሁ።

በጾሙ ወራት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባ ትቼዋለሁ፤ አንተም ተውላቸው። የማጥመጃ ፈቃዱን ግን ለማንም አትተው፤ የወንዙ አንዱ ዳር ቨርጂኒያ፣ ሌላው ሜሪላንድ፣ ከፍ ሲል ዲሲ ነው፤ ደንቡ ይለያያል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ሳታነብ አትምጣ።

እስከ ቅዳሜ አምስት ቀን አለህ። ያስቀመጥኩልህን የብሬድ ጥቅልና ሊደር ከእናትህ ተቀበል። በቀን ሁለት ደብል ዩኒ እሠር፤ አንዱን በብርሃን፣ አንዱን መብራት አጥፍተህ። ሲበላሽ ቁረጠውና እንደገና፤ ክሩ ያልቃል ብለህ አትሣሣ፣ ርካሽ ትምህርት ነው። ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በራችሁ ላይ እቆማለሁ፤ ጥሩምባ አልነፋም፣ ጎረቤት ይተኛል። አሥሩን ቋጠሮ ይዘህ ውረድ። የጫማህንም ክር እሠር።